የልጆች ትርፍ ጊዜ በከተማ ዳር

በገላን፣ በሰበታ፣ በቡራዩና በሱሉልታ ልጆች ትርፍ ጊዜያቸውን ከቤተሰብ ጋር ያሳልፉ ወይ የሚለው ጥያቄ በመጀመሪያ የሰዓት ጉዳይ ነው። እነዚህ ከተሞች በ2015 ዓ.ም. ከለገጣፎ ለገዳዲ ጋር ተጠቃለው ሸገር ከተማ ተብለዋል። ጥቂት የማይባለው ነዋሪ ግን አሁንም ጠዋት አዲስ አበባ ገብቶ ማታ የሚመለስ፣ አለዚያም እዚያው በሚኖርበት ከተማ ፋብሪካ የሚውል ነው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መደበኛውን የሥራ ሰዓት በቀን 8፣ በሳምንት 48 አድርጎታል። ለብዙ ሠራተኛ ይህ ከእሑድ በቀር ነፃ ቀን የለም ማለት ነው። የታክሲ ሰልፍ ሲጨመርበት፣ ልጁ ሳይነሳ የወጣ አባት ልጁ እራቱን በልቶ ከተኛ በኋላ ይገባል።

የልጁ ሰዓት ደግሞ በሌላ መንገድ ይሄዳል። በፈረቃ የሚማር ልጅ ግማሽ ቀኑ ባዶ ነው፤ ክረምት ሲገባ ሐምሌና ነሐሴም የእሱ ናቸው። ድሮ ይህን ክፍተት አያት፣ አክስት ወይም ጎረቤት ይሸፍኑት ነበር። አዲስ ሰፈር ገብቶ የተከራየ ቤተሰብ ግን ብዙ ጊዜ አያትን ገጠር ወይም መሀል ከተማ ትቶ የመጣ ነው፤ የጎረቤቱንም ስም ገና አልያዘም። ልጁን የሚያውለው እንግዲህ ቴሌቪዥን ነው፣ ስልክ ነው፣ ወይም መንገድ ነው። አባባ ተስፋዬ በቴሌቪዥን ለልጆች ተረት በሚያወሩበት ዘመን ቴሌቪዥን ያለው ቤት ጥቂት ስለነበር የሰፈር ልጅ አንድ ሳሎን ተሰብስቦ ያይ ነበር። ስልክ ግን ለአንድ ሰው ዓይን የተሠራ ነው።

በዚህ አገር ልጅ ከቤተሰቡ ጋር የሚሆነው በአብዛኛው ሥራ መሀል ነው። እሑድ ከሰዓት ቡና ሲፈላ ከሰሉን ያራግባል፣ ፈንዲሻውን ያዞራል፣ ስኒውን በቅድሚያ ለትልቅ ሰው ያደርሳል። ከአቦል እስከ በረካ ባለው ጊዜ ማን እንደታመመ፣ ዕቁቡ ለማን እንደወጣ፣ የቤት ኪራይ በስንት እንደጨመረ ይሰማል። ተራ መጠበቅንና ሰው ሲናገር ማዳመጥን የሚለምደው እዚያው ነው። ወሬው ሲጥም «ሂድ፣ ውጭ ተጫወት» የሚል አዋቂ አይጠፋም እንጂ።

ሰዓቱ መርዘሙ ብቻውን ብዙ አይፈይድም። ሜሊሳ ሚልኪና ባልደረቦቿ በአውሮፓውያኑ 2015 ባወጡት የአሜሪካ ጥናት፣ እናት ከ3 እስከ 11 ዓመት ካለ ልጇ ጋር የምታሳልፈው ሰዓት መብዛቱ በልጁ ጠባይም ሆነ በትምህርቱ ላይ ይህ ነው የሚባል ልዩነት አላሳየም። በጉርምስና ግን ነገሩ ይለያል፤ እናትና ልጅ አብረው አንድ ነገር እየሠሩ የሚያሳልፉት ጊዜ ከጥፋት ከመራቅ ጋር ተያይዞ ተገኝቷል። ብዙ ወላጅ የሚያደርገው የዚህን ተቃራኒ ነው፤ ሕፃኑን አቅፎ ይውልና ጎረምሳውን «አድጓል» ብሎ ይተወዋል።

ሰዓቱን ሁሉ ቤተሰብ ይውሰደው ማለትም አያስኬድም። ኢትዮጵያ በ1983 ዓ.ም. የተቀበለችው የሕፃናት መብቶች ስምምነት በአንቀጽ 31 ዕረፍትንና ጨዋታን የልጅ መብት አድርጓል። ሰኞ ማክሰኞ የሚጫወቱ ልጆች «ተቃጥለሻል»፣ «አልተቃጠልኩም» ሲባባሉ ዳኛ የላቸውም፤ ካልተስማሙ ጨዋታው ስለሚፈርስ መስማማት ግድ ይሆንባቸዋል። እናት አጠገብ ተቀምጦ ይህን መማር ያዳግታል፤ እሷ ቶሎ ትፈርዳለችና።

ነገሩ በሴት ልጅ ላይ ይከብዳል። ከአውሮፓውያኑ 2002 ጀምሮ 3 ሺህ ያህል ኢትዮጵያውያን ልጆችን የተከታተለው «ያንግ ላይቭስ» ጥናት፣ ሴቶቹ ከወንዶቹ ይልቅ በቤት ውስጥ ሥራ ብዙ ሰዓት እንደሚያሳልፉ መዝግቧል። ጀሪካን ደርድራ ውሃ የምትጠብቅ፣ ታናሽ ወንድሟን አዝላ የምትውል ልጅ ከቤተሰቧ ጋር ናት ቢባል ሐሰት አይሆንም፤ ዕረፍት ላይ ናት ማለት ግን አይቻልም። በእንዲህ ያለው ቤት የሚሻለው ሥራውን ማካፈል ነው፤ ወንዱ ልጅ እሑድ ጠዋት ልብሱን ከአባቱ ጋር ቢያጥብ፣ እህቱ ከሰዓት በኋላ ከእኩዮቿ ጋር የምትጫወትበት ጊዜ ታገኛለች፤ አባትም ሳምንቱን ሙሉ ያላገኘውን ልጁን አጠገቡ አድርጎ ያወራዋል።