የላስታ የብራና ሥዕሎችና የጃፓን የሳሙራይ ኅትመቶች፦ ጥበቡን በመደገፍ ቅርስን መጠበቅ

በሰሜን ወሎ ዞን በላሊበላ ከተማ ለጎብኚዎች ለሽያጭ ከሚቀርቡት የእጅ ሥራ ውጤቶች መካከል በፈረስ ላይ የተቀመጡ ሰማዕታትን የሚያሳዩ የብራና ሥዕሎች ይገኙበታል። የብራና ሥዕል ለሠዓሊውና ለብራና ፋቂው የገቢ ምንጭ ነው። ይሁን እንጂ ከጥንታዊ መጽሐፍ ተቆርጦ በወጣ ቅጠል ላይ ሲሣል ቅርስን የሚያጠፋ ተግባር ይሆናል።

በላስታ የፈረሰኛ ሰማዕታት ምስል ረጅም ዕድሜ ያለው ነው። ከቤተ ማርያም ምዕራባዊ በረንዳ በላይ በድንጋይ የተቀረጹ ፈረሰኞች ይታያሉ። በኢትዮጵያ ሥነ ሥዕል ቅዱስ ጊዮርጊስ በነጭ ፈረስ ዘንዶውን ሲወጋ፣ ቅዱስ መርቆሬዎስ ደግሞ በጥቁር ፈረስ ላይ ሆኖ ዑልያኖስን ሲገድል ይሣላሉ። ቅዱሳን ሁለቱም ዓይኖቻቸው እየታዩ፣ ክፉዎች ግን ብዙውን ጊዜ በአንድ ጎን መሣላቸው የዚሁ ሥነ ሥዕል መለያ ነው።

ብራና በአብዛኛው ከፍየል ቆዳ ይዘጋጃል። ቆዳው ለቀናት በውኃ ተነክሮ በእንጨት መወጠሪያ ላይ በገመድ ይወጠራል። ሥጋውና ጠጉሩ በስለት ከተፋቀ በኋላ በሻካራ ድንጋይ ታሽቶ ይለሰልሳል፤ ሲደርቅም በልክ ተቆርጦ በወስፌ ይሰመራል። ጸሐፊው ከጥላትና ከልዩ ልዩ ዕፅዋት በተዘጋጀ ቀለም፣ በመቃ ብዕር ይጽፍበታል።

ጦረኞችን በእጅ በተዘጋጀ ገጽ ላይ የማሳየት ጥበብ በጃፓንም ይታወቃል። እ.ኤ.አ. በ1861 ያረፈው ሠዓሊ ኡታጋዋ ኩኒዮሺ የአርባ ሰባቱን ታማኝ ሳሙራዮች ታሪክ በ1840ዎቹ መጨረሻ በእንጨት ኅትመት አቅርቧል። በዚህ አሠራር ሠዓሊው ይነድፋል፣ ቀራጩ ንድፉን በእንጨት ላይ ይፈለፍላል፣ አታሚው ደግሞ ለየቀለሙ በተዘጋጀ እንጨት ያትማል። ወረቀቱ ኮዞ ከተባለ ተክል ልጥ የሚሠራ ሲሆን፣ ልጡ ተቀቅሎና ተቀጥቅጦ በውኃ ከተበጠበጠ በኋላ በወንፊት ላይ ይነጠፋል።

ጃፓን እ.ኤ.አ. በ1950 ባወጣችው የባህል ቅርስ ጥበቃ ሕግና በኋላ በተደረጉት ማሻሻያዎች፣ ከዕቃው በተጨማሪ ለጥበቡ ባለቤቶች ጭምር ዕውቅና ትሰጣለች። በእጅ የሚሠራው የጃፓን ወረቀት ሙያም እ.ኤ.አ. በ2014 በዩኔስኮ የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ሰፍሯል።

በሁለቱ ጥበቦች መካከል ለቅርስ አጠባበቅ መሠረታዊ የሆነ ልዩነት አለ። ከአንድ የእንጨት ቅርጽ በርካታ ቅጂዎች ስለሚታተሙ አንዱ ቢጠፋ ሌላው ሊገኝ ይችላል። የብራና መጽሐፍ ግን እያንዳንዱ በእጅ የተጻፈና አቻ የሌለው በመሆኑ፣ የአንድ ቅጠል መቆረጥ የማይተካ ጉዳት ያደርሳል። በአገሪቱ ለገበያ ሲባል በአሮጌ የግእዝ ጽሑፍ ቅጠሎች ላይ አዳዲስ ሥዕሎች መሣላቸው በተለያዩ ጊዜያት ተስተውሏል።

ይህን ድርጊት ለመለየት የሚረዱ ምልክቶች አሉ። ከሥዕሉ ሥር ወይም በጀርባው መነሻና መድረሻ የሌለው ጽሑፍ መኖሩ፣ ጽሑፉ ከሥዕሉ ጋር አለመዛመዱ፣ በአንድ ጠርዝ የጥራዝ ስፌት ቀዳዳዎች መታየታቸው፣ እንዲሁም ቀለሙ አዲስ ሆኖ ብራናው ያረጀና በእጅ ብዛት የወዛ መሆኑ ጥርጣሬ ሊያሳድሩ ይገባል። ምልክቶቹ ብቻቸውን ማረጋገጫ ስለማይሆኑ የመጨረሻው ውሳኔ የባለሙያ ምርመራን ይጠይቃል።

የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስ እንዲመዘገብና ያለ ፈቃድ ከአገር እንዳይወጣ ይደነግጋል። ጥበቃው ሲላላ የሚደርሰውን ጉዳት ላስታ በተግባር አይታዋለች። እ.ኤ.አ. በ1997 ከላሊበላ የተሰረቀው አፍሮ አይገባ መስቀል ወደ ስፍራው የተመለሰው እ.ኤ.አ. በ2001 ነበር። መስቀሉ በስፋት የታወቀ በመሆኑ ሊለይ ችሏል፤ ካልተመዘገበ መጽሐፍ የተቆረጠን ቅጠል ግን የማን እንደነበረ ማረጋገጥ እጅግ አዳጋች ነው።

በመሆኑም በየደብሩ የሚገኙ መጻሕፍትን የቅጠላቸውን ብዛትና የሥዕላቸውን ዓይነት ጨምሮ መመዝገብ፣ ከዚሁ ጎን ለጎን ብራና ፋቂዎችን በመሥሪያ ቦታና በገበያ ትስስር መደገፍ ይገባል። አዲስ ብራና በበቂ መጠንና በተመጣጣኝ ዋጋ ከቀረበ ሠዓሊው የጥንቱን መጽሐፍ የሚነካበት ምክንያት አይኖርም፤ ጎብኚውም የላስታን ሥዕል የላስታን ቅርስ ሳይጎዳ ይዞ ይመለሳል።