ከጋቢናው ጣራ ላይ የደበዘዘው ቁጥር

ከጣና ዳር ዓሣ ጭኖ አዲስ አበባ የሚያመላልስ አንድ ሾፌር ከአሜሪካ የመጣ አሮጌ ፒክአፕ ይነዳል። ጋቢናው ጣራ ላይ አቅጣጫና የውጭ ሙቀት የምታሳይ ትንሽ መስኮት አለች፤ ብርሃኗ ሰማያዊም አረንጓዴም ይመስላል። ለሌላው ሰው ጌጥ ናት። እሱ ግን በረዶውን የሚመጥነው በእሷ ነው። እስከ ደብረ ማርቆስ ድረስ የደጋው ብርድ ዓሣውን ይጠብቅለታል፤ ከደጀን በኋላ መንገዱ ወደ ዓባይ በረሃ ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁል ሲወርድ ቁጥሩ ሽቅብ ይሄዳል። 90ን ካለፈ ዳር ይዞ ይቆምና በረዶ ይጨምራል።

ይህ ቁጥር ነው እየደበዘዘ የመጣው። መጀመሪያ በቀትር ብቻ አልነበብ አለ፤ ኋላ ማታም በመዳፍ ካልጋረዱት የማይታይ ሆነ። ባሕር ዳር ውስጥ ያማከራቸው ሁሉ «አምፖሉ ደክሟል፣ ቀይረው» አሉት። አምፖሉን የሚሸጥለት ግን ጠፋ። በመጨረሻ አንድ አዛውንት አውቶ ኤሌክትሪሺያን ዘንድ ሄደ፤ በ1955 ዓ.ም. በሶቪየት ኅብረት እርዳታ ከተከፈተው ፖሊቴክኒክ፣ ከተማው «ፖሊ» ከሚለው፣ የወጡ ናቸው።

ሰውየው ካቻቢቴ ከማንሳታቸው በፊት ጠየቁ፤ «ቁጥሩ ይዋሻል?»

«ኧረ ልክ ነው ጋሼ። አልታይ ብሎኝ ነው እንጂ።»

በዚህች መልስ ሥራው ተጋመሰ። ሙቀቱን የምትለካው ከመኪናው ፊት የተሰካች ትንሽ ዕቃ ናት፤ ስትቀዘቅዝ የኤሌክትሪክ መቋቋሟ ይጨምራል፣ ስትሞቅ ይቀንሳል። ቁጥሩ ልክ ከሆነ እሷም፣ አስልቶ የሚጽፈው ቺፕም ደህና ናቸው ማለት ነው። የታመመው ብርሃኑ ብቻ ነው።

ቀጥለው የፊት መብራቱን አስበርተው አስጠፉት። እንዲህ ያለ መስኮት መብራት ሲበራ የሾፌሩን ዓይን እንዳይወጋ ሆን ብሎ ይደበዝዛል፤ ማብሪያው ከተበላሸ መኪናው ጠራራ ፀሐይ ላይ ሆኖም የመሸ ይመስለዋል። ማብሪያው ጤነኛ ሆኖ ተገኘ። ከዚያ ጣራውን በጣታቸው ቆረቆሩት፤ ቁጥሩ ቦግ ብሎ ተመልሶ ደበዘዘ። (ስንት ሾፌር ነው በዚህ በጥፊ ብቻ ዓመት የሚገፋው!)

ባትሪውን ነቅለው ሳጥኑን አወረዱና ከፈቱት። አምፖል የሚባል ነገር የለውም። በቦታው አየሩ የተመጠጠ ጠፍጣፋ የመስታወት ብልቃጥ ተቀምጧል። ውስጡ ከፀጉር የቀጠኑ የቱንግስተን ሽቦዎች ተወጥረዋል፤ ሽቦዎቹ ሲግሉ ኤሌክትሮን ይለቃሉ፣ ኤሌክትሮኑም ከሥር የተቀባውን ዚንክ ኦክሳይድ ሲመታ ቅቡ ያበራል። ባለ ሰባት ሰረዙን የቁጥር ብልቃጥ መጀመሪያ የሠራው የጃፓኑ ኢሴ ኤሌክትሮኒክስ ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1967። በዚያ ዘመን የሒሳብ መኪኖች ቁጥር የሚያሳዩበት የኒክሲ ቱቦ እስከ 170 ቮልት ይፈልግ ነበር፤ አዲሱ ብልቃጥ በጥቂት አሥር ቮልት ይበራል። ሻርፕ በ1969 ኪው-ቲ 8-ዲ በተባለው የሒሳብ መኪናው ላይ ተጠቀመበት፤ ኋላ መኪና ውስጥም ገባ።

እንግዲህ ብርሃኑ የሚመጣው ከጋለ ሽቦ ከሆነ፣ ብርሃን ማነሱ ሽቦው በደንብ አለመጋሉ ሊሆን ይችላል። ማን ከለከለው? አዛውንቱ ወደ ሽቦው የሚሄደውን መስመር በጣታቸው ተከተሉ። መንገዱ ላይ ጎን ለጎን የተደረደሩ ጥቃቅን ሬዚስተሮች አሉ፤ የሽቦውን ኤሌክትሪክ ተካፍለው የሚያሳልፉት እነሱ ናቸው። በማጉያ መነጽር ሲያዩ ከእነሱ የሁለቱ እግር ሥር ስታኞው ዙሪያውን ተሰንጥቋል። ስንጥቁ ጭረት ያህል ነው፣ በባዶ ዓይን አይታይም።

ለምን እነዚህ ብቻ ተሰነጠቁ? ቦርዱ ላይ ከሁሉ በላይ የሚሞቁት እነሱ ስለሆኑ ነው። ቁልፍ በተዞረ ቁጥር ይግላሉ፣ መኪናው ሲጠፋ ይቀዘቅዛሉ፤ ሥራቸው ያለው ስታኞም አብሮ ሲለጠጥና ሲኮማተር ዓመታት አለፉ። የኮረኮንቹ ንቅናቄ ደግሞ የቀረውን ጨረሰው። ሁለቱ ከመስመር ሲወጡ የቀሩት ብቻቸውን ለሽቦው የሚበቃውን ማሳለፍ አልቻሉም።

ጥገናው ከፍለጋው ይልቅ አጭር ነበር። አሮጌውን ስታኞ መጠጡ፣ ቦታውን አጸዱ፣ ካውያውን ለአፍታ ብቻ አስነክተው በ183 ዲግሪ ሴልሺየስ የሚቀልጠውን የቆርቆሮና የእርሳስ ስታኞ አፈሰሱበት። ጤነኛ የሚመስሉትንም አልተዉም፤ ዛሬ ያልተሰነጠቀው ነገ ተረኛ ነው። ባትሪውን መልሰው ሲያስሩ ጠራራው ላይ 77 ወጣ፣ ጥርት ብሎ።

ሾፌሩ ሲደሰት እሳቸው ገና ቁጥሩን እያዩ ነበር። ጎኑ ያለችውን ቁልፍ ቢጫኗት 77ቱ 25 ሆነ፤ የፋራናይቷ «ኤፍ» ሄዳ የሴልሺየሷ «ሲ» መጣች። የ«ሲ» የታችኛው ሰረዝ ከሌሎቹ ሦስት ሰረዞች ይልቅ ደምቆ ታየ። «ኤፍ» ያቺን ሰረዝ አትጠቀምባትም፤ ሌሎቹ አሜሪካ ውስጥ በበሩበት ዘመን ሁሉ እሷ አርፋ ቅቧ ሳይደክም ኖሯል። ስታኞ የሚመልሰው የሽቦውን ግለት ነው፣ ያረጀ ቅብ ግን አያድስም።

«ጋሼ፣ 25 ምንድን ነው? ወደ ድሮው ይመልሱልኝ» አለ ሾፌሩ። «እኔ በረዶ የምጨምረው በ90 ነው።»

«በዚህኛው 32 ሲል ጨምር።»

«በ90 ይሁንልኝ።»

አዛውንቱ ቁልፏን ደግመው ተጫኗት።