ያውቁ ኖሯል? የእንግዴ ልጅ ሕመሞች

በዓለም ላይ ከ100 እርግዝናዎች ከ2 እስከ 8 የሚሆኑት ፕሪኤክላምፕሲያ የተባለው የደም ግፊት ሕመም ያጋጥማቸዋል። መነሻው እንግዴ ልጅ ነው፤ የማሕፀን ደም ሥሮች በሚገባ ሳይሰፉለት ሲቀሩ፣ አብዛኛውን ጊዜ ከ20ኛው ሳምንት በኋላ የእናቲቱ ግፊት ይጨምራል፤ ኩላሊቷና ጉበቷም ሊጎዱ ይችላሉ። የመጀመሪያ ልጇን ያረገዘች፣ መንታ የያዘች፣ ቀድሞም ግፊት ወይም ስኳር ያለባት፣ ወይም ባለፈው እርግዝናዋ ይኸው ሕመም የያዛት ሴት ይበልጥ ትጋለጣለች።

እንግዴ ልጁ የማሕፀን በር ላይ የሚያርፈው ከ200 እርግዝናዎች በ1 ገደማ ነው። ሥጋቱ በቀዶ ሕክምና ወይም ብዙ ጊዜ በወለዱ፣ ዕድሜያቸውም ከ35 በዘለለ እናቶች ላይ ይበረታል። ምልክቱ ሕመም የሌለው ደም ስለሆነ «ካላመመኝ ደህና ነኝ» ማለት እዚህ ላይ ክፉኛ ያታልላል። እንግዴ ልጁ ያለጊዜው ከማሕፀን ሲላቀቅ ግን ሆድ ይጠነክራል፣ ያማል፤ ደሙ ማሕፀን ውስጥ ሊደበቅም ይችላል።

እነዚህ ሕመሞች ፈጣን ሕክምና ይሻሉ። ለጎንደር ከተማ ነፍሰ ጡር የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ቅርብ ነው። በሰሜን ጎንደር ተራራማ ወረዳዎች፣ በጃናሞራና በበየዳ፣ ላለች እናት ግን የተራራው መንገድ ራሱ ሰዓት ይበላል፤ ስለዚህ ክትትሏን ቀድማ ትጀምር፣ የመውለጃ ቀኗ ሲቃረብም ወደ እናቶች ማቆያ ትግባ። ብርቱ ራስ ምታት፣ የዓይን ብዥታ ወይም ደም ከታየ ያኔውኑ ወደ ሕክምና መሄድ ነው።