እጅ ሲደነዝዝ፦ «ዲፉዚያ» የሚባለው የነርቭ ኤም አር አይ ምን ያህል ይታመናል?

የጽዳት፣ የማሸጊያና የአረጋውያን እንክብካቤ ሥራ የሚሠሩ ሰዎች ወደ ክሊኒክ ሲመጡ ደጋግመው ከሚነግሩን አንዱ የእጅ መደንዘዝ ነው። ሌሊት ጣታቸውን ይወርራቸዋል፣ እጃቸውን እያራገፉ ይነሣሉ፤ ቀን ደግሞ ብርጭቆ ያመልጣቸዋል። በዚህ የተጨነቀ ሰው ነርቭን በቀለም የሚያሳይ ልዩ ኤም አር አይ እንዳለ ሲሰማ፣ ወረፋ ከመጠበቅ በግል ከፍሎ መነሣት ያምረዋል። «ልጄ፣ ከፍዬ ይለይልኝ?» የሚሉኝ እናቶች አሉ። መልሴ አጭር ነው፦ ለዚህ ዓይነቱ መደንዘዝ በዚያ አትጀምሩ።

ማሽኑ ያው የምናውቀው ኤም አር አይ ነው። በዕብራይስጥ «ዲፉዚያ» የሚባለው አሠራር ግን የሚለካው በሰውነት ውስጥ ያለው ውሃ ወዴት እንደሚንቀሳቀስ ነው። ነርቭ በአንድ ላይ እንደታሰረ ሸምበቆ ነው፤ ውሃው በርዝመቱ በቀላሉ ይሄዳል፣ ወደ ጎን ግን ግድግዳው ያግደዋል። ኮምፒውተሩ ይህን ከ0 እስከ 1 ባለው ቁጥር ይገልጸዋል። ውሃው ወደ ሁሉም አቅጣጫ እኩል ከሄደ ቁጥሩ ወደ 0 ይጠጋል፣ ወደ አንድ አቅጣጫ ካደላ ከፍ ይላል። ነርቭ ሲጫንና ሲያብጥ ቁጥሩ ይወርዳል። ሐሳቡ ትክክል ነው፤ በአንጎል ምርመራም፣ በተለይ ስትሮክን በመለየት፣ ዲፉዚያ የዕለት ተዕለት መሣሪያ ነው።

ወደ እጅ ሲመጣ ግን ነገሩ ይከብዳል። በእጅ አንጓ የሚያልፈው ነርቭ ስፋቱ ጥቂት ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። ሥዕሉ የሚሠራው ከትናንሽ ካሬዎች ስለሆነ ሙሉ በሙሉ ነርቩ ላይ የሚያርፉት ጥቂቶች ናቸው፤ ጠርዝ ላይ ያሉት ከስቡና ከጅማቱ ጋር ይደባለቃሉ። አጥንትና አየር ባለበት አካባቢ ሥዕሉ ይጣመማል። ታማሚው በሆዱ ተኝቶ እጁን ከራሱ በላይ ዘርግቶ ከሆነ ደግሞ ትከሻው ሲደክመው ትንሽ ይነቃነቃል፣ ሥዕሉን ለማበላሸት ያም ይበቃል። በዚያ ላይ ብዙ ጊዜ ነርቩን በስክሪን ላይ ከብቦ የሚለየው ሰው ነው፤ የአንዱ ክብ ከሌላው ክብ ይለያል።

«ታዲያ ይታመናል ወይስ አይታመንም?» ብትሉኝ፣ እዚህ ውስጥ ሁለት ጥያቄ አለ። አንድን ሰው በዚያው ማሽን፣ በዚያው አሠራር የሠለጠነ ባለሙያ ሁለት ጊዜ ቢለካው ውጤቱ አብዛኛውን ጊዜ ይቀራረባል። ማሽኑ ከ1.5 ቴስላ ወደ 3 ቴስላ ሲለወጥ ወይም አሠራሩ ሲቀየር ግን ቁጥሩም ይቀየራል። በዕድሜም ይወርዳል። የቤት ሚዛን አስቡ፦ ሁለት ኪሎ የሚጨምር ሚዛን በየቀኑ ያንኑ ሁለት ኪሎ ይጨምራል፤ ክብደታችሁ መቀነሱን ለማወቅ ይበቃል፣ ከጎረቤት ሚዛን ጋር ለማስተያየት ግን አይሆንም። በጥናቶች የታማሚዎች አማካይ ቁጥር ከጤነኞቹ ያንሳል። ሆኖም የሁለቱ ቁጥሮች ስለሚደራረቡ፣ ለአንድ ሰው «አለብህ» ወይም «የለብህም» የሚያሰኝ፣ በሁሉም ማሽን የሚሠራ መስመር የለም። እኔን በተለይ የሚያሳስበኝ «ጤነኛ ነው» የሚለው ሥዕል ነው። ሰው ተጽናንቶ ሲቀመጥ በአውራ ጣት ሥር ያለው ጡንቻ እየሟሸሸ ሊሄድ ይችላል፤ የሟሸሸ ጡንቻ ደግሞ ከቀዶ ሕክምና በኋላም ሁልጊዜ አይመለስም።

መጀመሪያ የሚኬደው ወደ ኩፓት ሆሊም የቤተሰብ ሐኪም ነው። ሐኪሙ የሚደነዝዘው የትኛው ጣት እንደሆነ ይጠይቃል። አውራ ጣት፣ ጠቋሚ፣ የመሃል ጣትና የቀለበት ጣት ግማሽ ከሆነ በአንጓ የሚያልፈው ነርቭ ይጠረጠራል፤ ትንሿ ጣት ከሆነች በክርን በኩል የሚያልፈው ሌላ ነርቭ ነው። አንገትም ይመረመራል። የስኳር፣ የታይሮይድና የቫይታሚን ቢ12 የደም ምርመራም ጠይቁ። ስኳር በማኅበረሰባችን ብዙ ስለሆነና ነርቭን ስለሚጎዳ ይህን አትዝለሉት።

ስለ ቋንቋም አንድ ነገር ልጨምር። እኛ «ሥሬን ያዘኝ»፣ «ጅማቴ ነው» ስንል ነርቩንም፣ ጅማቱንም፣ የደም ሥሩንም በአንድ ስም እንጠራለን። «ጊድ» ተብሎ ከተተረጎመ ሐኪሙ ጅማት ይፈልጋል፤ ነርቭ «ዓጻብ» ነው። ስሙን ትታችሁ «ይደነዝዘኛል፣ እነዚህን ጣቶች» ብላችሁ ማሳየቱ ይሻላል።

ቀጥሎ የሚመጣው ኢኤምጂ ነው። ትንሽ የኤሌክትሪክ ንዝረት እየሰጡ ምልክቱ በነርቩ ውስጥ በምን ፍጥነትና በምን ጉልበት እንደሚያልፍ ይለካሉ። ይቆነጥጣል እንጂ ጉዳት የለውም። ሥዕል የነርቩን መልክ ያሳያል፣ ኢኤምጂ ግን ነርቩ ሥራውን መሥራቱን ይነግራል። እሱም ቢሆን ሕመሙ ገና ሲጀምር ጤነኛ ሊመስል ይችላል፤ ያኔ የነርቩን ውፍረት የሚለካ አልትራሳውንድ ያግዛል። ቀላል ከሆነ ሌሊት እጅን ቀጥ አድርጎ የሚይዝ ማሰሪያ («ሳድ») ይታዘዛል፤ ካልበቃ መርፌ ወይም ቀዶ ሕክምና አለ። ድንዛዜው ቀኑን ሙሉ የማይለቅ ከሆነ ወይም የአውራ ጣት ጉልበት ከቀነሰ አትዘግዩ።

ሌላው ሰው ለሥዕል የሚከፍልበት ምክንያት ቢቱዋሕ ሌኡሚ ነው። ለዓመታት አንድ ዓይነት እንቅስቃሴ በመደጋገም የመጣ ጉዳት «ሚክሮትራውማ» ተብሎ እንደ ሥራ ጉዳት ሊታወቅ ይችላል። ነገር ግን የትኛውም ኤም አር አይ ነርቩን የጎዳው የወለል መጥረጊያው ነው ብሎ አይናገርም። ለዚያ የሚያስፈልገው ምን ዓይነት እንቅስቃሴ፣ በቀን ስንት ሰዓት፣ ለስንት ዓመት እንደሠራችሁ የሚያሳይ መረጃ ነው። ስለዚህ ገና በመጀመሪያው ቀን ሥራችሁን ለሐኪሙ በዝርዝር ንገሩና በፋይሉ እንዲጻፍ አድርጉ። ወደ ሥራ ሐኪም፣ ወደ «ሮፌ ተዓሱቃቲ»፣ እንዲልካችሁም ጠይቁ።

የነርቭ ኤም አር አይ የሚጠቅምበት ቦታ የለም ማለቴ አይደለም። ከአንገት ወደ ክንድ የሚወርዱት ነርቮች በአደጋ ሲጎዱ፣ ዕጢ ሲጠረጠር፣ ወይም ከቀዶ ሕክምና በኋላ ሕመሙ ሲመለስ ስፔሻሊስቱ ሊያዝዘው ይችላል። ያኔም ዋናው የተለመደው ሥዕል ነው፣ ዲፉዚያ ተጨማሪ ነው። ከመክፈላችሁ በፊት ያዘዘውን ሐኪም «ውጤቱ ሕክምናዬን ይለውጣል?» በሉት፤ ኩፓት ሆሊምንም ቶፌስ 17 ይሰጥ እንደሆነ ጠይቁ። የልብ ባትሪ ወይም በሰውነታችሁ ውስጥ ብረት ካለ አስቀድማችሁ ተናገሩ። ምርመራውን ካደረጋችሁ ዲስኩንና የጽሑፍ ውጤቱን ውሰዱ፤ የ1996 የታማሚ መብት ሕግ የሕክምና መረጃችሁን ቅጂ የመውሰድ መብት ይሰጣችኋል። ከወራት በኋላ ይደገም ከተባለም እዚያው ማሽን ላይ እንዲሆን ጠይቁ።