ከወጣ በኋላ የማይመለስ ትምህርት

የቀድሞዎቹ ቁም ጸሐፊዎቻችን ብራናውን ዳምጠው፣ ቀለሙን በጥብጠው፣ መጽሐፉን ጽፈው ቢጨርሱም ሥራው ተፈጸመ አይባልም ነበር፤ ሌላ ንባብ ዐዋቂ ከእናት ቅጂው ጋር ቃል በቃል አስተያይቶ፣ ግድፈቱን በመስመር መካከል ሞልቶ፣ ሥርዋጹን በምላጭ ፍቆ ካላረመው፣ ያ አንድ ስሕተት ከእርሱ በሚቀዱት መጻሕፍት ሁሉ እየተባዛ ይኖራልና። ዛሬ በደቡብ ሱዳን በጁባ ከተማ በኢንተርኔት ለሚሰጠው ትምህርትም የሚያስፈልገው ይኸው ጥንታዊ ጥንቃቄ ነው።

በኢንተርኔት የወጣ ጽሑፍ በማንኛውም ሰዓት ሊታረም ይችላል የሚል ሰው ይኖራል። በ2020 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ከኡጋንዳ ወሰን የተዘረጋው የፋይበር ገመድ ጁባ ቢደርስም፣ ከከተማው ራቅ ላለው መምህር ትምህርቱ የሚደርሰው ብዙውን ጊዜ አንድ ሰው አውርዶ በሜሞሪ ካርድ ወይም ከስልክ ወደ ስልክ ሲያቀብለው ነው፤ ስለዚህ ዋናው ገጽ ቢታረም እንኳ በየመንደሩ የተበተነው ቅጂ ስሕተቱን እንደ ያዘ ይቀራል።

በዚህ ምክንያት ረቂቁ ከደራሲው እጅ ከወጣ በኋላ በየደረጃው ይመረመራል። የትምህርቱ ሊቅ በ2015 እ.ኤ.አ. ይፋ ከሆነው ብሔራዊ ሥርዐተ ትምህርት ጋር ያመሳክረዋል፤ የቋንቋ አራሚው ንባቡን ያቀናል፤ ባለሙያው ሥዕሉና ድምፁ በአነስተኛ ስልክ መሥራቱን ያያል፤ በመጨረሻም አጽዳቂው ይሁንታውን ይሰጣል። እንደ ሙድል ያሉት የማስተማሪያ ፕሮግራሞች ያልጸደቀውን ከተማሪ ዐይን ሰውረው ማቆየት፣ ለእያንዳንዱም ሠራተኛ የተለየ ሥልጣን መስጠት ያስችላሉ፤ ዋናው ነገር ደራሲው የራሱን ሥራ ራሱ አጽዳቂ አለመሆኑ ነው።

ከሁሉም የሚከብደው የቋንቋው ምርመራ ይመስለኛል። በ1928 እ.ኤ.አ. በረጃፍ የተደረገው ጉባኤ ዲንካን፣ ባሪን፣ ኑዌርን፣ ላቱካን፣ ሺሉክንና ዛንዴን ለትምህርት ቤት መርጦ ነበር፤ ዛሬም ደንቡ በመጀመሪያዎቹ ሦስት ክፍሎች በአፍ መፍቻ ቋንቋ፣ ከዚያ በእንግሊዝኛ ማስተማር ነው። በዲንካ ጽሑፍ ከአናባቢው በላይ የሚቀመጡት ሁለት ነጥቦች ትንፋሻማውን ድምፅ ያመለክታሉ፤ ኮምፒዩተሩ ቢጥላቸው ቃሉ ሌላ ቃል ሊሆን ይችላል። ፊደላችን በ1999 እ.ኤ.አ. ወደ ዩኒኮድ ከመግባቱ በፊት ከኮምፒዩተር ወደ ኮምፒዩተር ሲሻገር ወደማይነበብ ምልክት እየተለወጠ ያስቸገረን እኛ የዚህን ጭንቀት በሚገባ እንረዳዋለን፤ አራሚው የቋንቋው ተወላጅ ሆኖ ትምህርቱን የማስቆም ሥልጣን ሊኖረው ይገባል የምለውም ለዚህ ነው።

ሌላው ብዙዎች የሚዘሉት ደረጃ በክፍል ውስጥ መፈተን ነው። ለምሳሌ ከ2004 እስከ 2012 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ዕርዳታ የተካሄደው የደቡብ ሱዳን የሬዲዮ ትምህርት፣ ለመጀመሪያዎቹ አራት ክፍሎች የግማሽ ሰዓት ትምህርቶች አዘጋጅቶ ነበር። በ1970ዎቹ በኒካራጓ የተጀመረው ይህ ዘዴ የሬዲዮው መምህር ጠይቆ ጥቂት ሴኮንድ ዝም እንዲል፣ ሕፃናቱም በዚያ ዝምታ ውስጥ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው እንዲመልሱ ያደርጋል። ዝምታው ካጠረ መልሳቸው ይቋረጣል፤ ከረዘመ ልባቸው ይበተናል። ይህንን አርታኢ በቢሮው ተቀምጦ ሊያውቀው አይችልም፤ ከክፍሉ ኋላ ተቀምጦ የትኛው ጥያቄ ያለ መልስ እንዳለፈ የሚጽፍ ታዛቢ ያስፈልጋል፤ እርማቱም ከሥርጭት በፊት ይገባል።

ከመጋቢት 2020 እስከ ግንቦት 2021 እ.ኤ.አ. ትምህርት ቤቶች በኮቪድ ወረርሽኝ ምክንያት በተዘጉ ጊዜ ሬዲዮ እንደገና የብዙ ልጆች መምህር ሆነ፤ ቤት ሆኖ ብቻውን ለሚያዳምጠውም ልጅ የሰማውን የሚያቃናለት መምህር በአጠገቡ አልነበረም። ስለዚህ እያንዳንዱ ቅጂ የወጣበት ቀንና የእትም ቁጥር ሊጻፍበት፣ የተሻረውም እትም ቁጥሩ ተጠርቶ ለመምህራን ሊነገር ይገባል፤ ቁጥሩም በማያ ገጹ ጥግ ብቻ ሳይሆን በትምህርቱ መግቢያ በድምፅ ይነገር፤ በሬዲዮ የሚማረው ልጅ የሚያነበው ገጽ የለውምና።