ያገሩን ዛፍ ከእንግዳው መለየት

«ያገሩን ሠርዶ ባገሩ በሬ» ይላል ሰዉ ሲተርት። ተረቱን ሁላችንም እናውቀዋለን፤ ያገሩን ዛፍ ከእንግዳው ለይቶ የሚያውቅ ግን ስንቱ ነው?

የአዳማውና የሐዋሳው መንገድ ከሚለያይባት ከሞጆ ከተማ ወጣ ብላችሁ በእግር ብትሄዱ ለዚህ ትምህርት የሚሆን ብዙ ነገር ታገኛላችሁ። አንዳንዱን እንግዳ ስሙ ራሱ ይገልጠዋል። ባሕር ዛፍ ባሕር ተሻግሮ ከአውስትራልያ የመጣ ነው፤ ወደ አገራችንም የገባው በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን፤ በ1887 ዓ.ም. ግድም ነው። አንዳንዱ ስም ግን ያሳስታል። ቅርንጫፉ ተዘናፍሎ ቀይ ፍሬ የሚያንጠለጥለው፤ ቁንዶ በርበሬ የምንለው የጥላ ዛፍ የደቡብ አሜሪካ ተወላጅ ነው እንጂ ቅመም ከሚሆነው ከዋናው ቁንዶ በርበሬ ጋር ዝምድና የለውም።

ከሁሉ የሚበልጠው ትምህርት ያለው በግራር ዘንድ ነው። እኛ ባንድ ስም ግራር የምንላቸውን ያገሩ ገበሬ በኦሮምኛ ለየብቻ ይጠራቸዋል። ደዳቻ የሚለው እንደ ጃንጥላ የተዘረጋውን ነው፤ አበባው ድቡልቡል፤ እሾሁም ሁለት ዓይነት፤ ረጅም ቀጥ ያለና አጭር ቆልማማ ነው። ገርቢ ግን አበባው እንደ ጅራት የረዘመ፤ እሾሁ ቀጥ ያለ፤ ፍሬውም ብርቱካንማና የተጠማዘዘ ነው። ጠባዩም ያስደንቃል፤ ሌላው ዛፍ በሚለመልምበት በክረምት ቅጠሉን ያራግፋል፤ በበጋ ይለመልማል። ስለዚህ ከሥሩ የተዘራው ጤፍ ፀሐይ አያጣም፤ መሬቱም ይዳብራል፤ ፍሬው ደግሞ በበጋ ለከብት መኖ ይሆናል።

እንግዲህ ይህን የማያውቅ ወጣት ሹም በሐምሌ ወር ገርቢን ቢያይ «ደርቋል፤ ይቆረጥና ችግኝ ይተከልበት» ሳይል ይቀራል? ያለ ዕውቀት የተሰጠ አንድ ትእዛዝ የብዙ ዘመን ሀብት ባንድ ቀን ያጠፋል።

እንግዳ ሁሉ ጠላት ነው ማለታችን አይደለም፤ ባሕር ዛፍ ለስንቱ ቤት ማገርና ማገዶ ሆኗል! ነገር ግን በአዋሽ ግርጌ፤ በአፋር ምድር በረሃን ይከላከላል ተብሎ የተተከለው ፕሮሶፒስ የግጦሹን መሬት ወርሮ አርብቶ አደሩን አስጨንቋል።

ትምህርቱ ብዙ ወጪ አይጠይቅም። ቅጠሉን፤ አበባውንና ፍሬውን በአሮጌ ጋዜጣ መካከል አድርቁ፤ የተገኘበትን ቦታና ቀን ጻፉበት፤ ስሙንና ጥቅሙን ገበሬውን ጠይቁ። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ያለው ብሔራዊ ሄርባሪየም የተመሠረተው እንዲህ ባለ የደረቀ ቅጠል ላይ ነው። ዳኛ ሳይፈርድ ምስክር ይሰማል፤ በዛፍም ላይ ከመፍረድ በፊት ስሙን መጠየቅ ይገባል።