የሞላ ፍራሽ አመራረጥ፤ ስለ ምቾቱና ስለ ጽናቱ የቀረበ አጭር ጥናት

ሰው ከዕድሜው ሢሶ ያህሉን የሚያሳልፈው በመኝታ ላይ ነው። ይሁን እንጂ የቤት ዕቃ ሲገዛ ስለ ወንበሩና ስለ ቁም ሣጥኑ ብዙ ሲጠይቅ፥ ስለ ፍራሹ የሚጠይቀው ጥቂት ነው። ምክንያቱም ግልጥ ነው። የወንበር እንጨቱ ይታያል፤ ፍራሽ ግን በጨርቅ ተሸፍኖ የተሰፋ ስለ ሆነ ገዢው ውስጡን አያየውም። ስለዚህ የሚመርጠው በጨርቁ አበባና በነጋዴው ቃል ነው። ጥቂት ጊዜ ቆይቶ መካከሉ ሲጎደጉድ ግን ገንዘቡም ወገቡም ተጎድቶ ይገኛል።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ሞላ ያለበት ፍራሽ፥ እንዲሁም ሞላና ስፖንጅ ተደርቦ የተሠራው ድብልቅ ፍራሽ (በገበያ «ሃይብሪድ» የሚባለው) እንዴት እንደሚሠራ አስረድቶ፥ ገዢው ሳይቀድደው ውስጡን የሚመረምርበትን መንገድ ማሳየት ነው። በጽሑፉ ውስጥ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

1. ስለ «ጠንካራ» ቃል

ከሁሉ አስቀድሞ አንድ የቋንቋ ጉዳይ መለየት አለበት። በአማርኛ «ጠንካራ» የምንለው ቃል ሁለት ነገር ያመለክታል። አንደኛው ሲጫኑት የማይረግብ፥ ደረቅ ማለት ነው፤ ሁለተኛው ብዙ ዘመን የሚያገለግል፥ የማይበላሽ ማለት ነው። ገዢው «ጠንካራ ፍራሽ ስጠኝ» ሲል ብዙ ጊዜ የሚፈልገው ሁለተኛውን ነው። ነጋዴው ግን በጡጫ መታ መታ አድርጎ «ይኸው፥ ድርቅ ያለ ነው» ሲል የሚያሳየው አንደኛውን ነው። ሁለቱ ተስማምተው ይለያያሉ፤ የተስማሙበት ነገር ግን አንድ አይደለም።

በሥራው ረገድ እነዚህ ሁለት ጠባዮች የተለያዩ ናቸው። ደረቅ ሆኖ በአጭር ጊዜ የሚሰባበር ፍራሽ አለ፤ ለስላሳ ሆኖ ብዙ ዓመት የሚቆይም አለ። ስለዚህ ከዚህ በኋላ የመጀመሪያውን ጠባይ «ድርቀት»፥ ሁለተኛውን «ጽናት» እያልን እንለያቸዋለን።

2. ከመደብ እስከ ሞላ

በአገራችን ከጥንት ጀምሮ ከሚታወቁት መኝታዎች አንዱ መደብ ነው፤ በላዩ ሰሌን፥ ቁርበት ወይም አጎዛ ይነጠፍበታል። ሌላው ጠፍር አልጋ ነው። መደብ ከተኚው አካል ጋር አብሮ አይታጠፍም፤ ስለዚህ በጎኑ የተኛ ሰው ክብደት በትከሻውና በዳሌው ላይ ብቻ ያርፋል፥ ወገቡ ግን ያለ ድጋፍ ይቀራል። ጠፍር አልጋ ተኚውን ተቀብሎ ዝቅ ስለሚል ይህን ችግር ያቃልላል፤ ነገር ግን ጠፍሩ ሲላላ መካከሉ ይሰረጉዳል፥ እንደ ገናም መወጠር ያስፈልገዋል። የጥጥ ፍራሽም እንዲሁ ነው፤ ሲሠራ ይመቻል፥ ሲቆይ ግን ጥጡ ይጋገራል፤ ያን ጊዜ ተፈትቶ ይነደፋል።

እንግዲህ የፍራሽ ሥራ ጥያቄ በሙሉ በእነዚህ ውስጥ ይገኛል። አካልን እንደ ጠፍር ተቀብሎ፥ እንደ ጠፍር የማይላላ ነገር ከምን ይገኛል? ለዚህ የተሰጠው አንዱ መልስ የብረት ሞላ ነው።

የሞላን ሕግ በ1678 አትሞ ያወጣው እንግሊዛዊው ሮበርት ሁክ ነበር። ሕጉም፥ ሞላ የሚረግበው በተጫነው ኃይል ልክ ነው፤ ኃይሉ እጥፍ ቢሆን መርገቡም እጥፍ ይሆናል፥ ኃይሉ ሲነሣ ወደ ቀድሞ ቁመቱ ይመለሳል የሚል ነው። ይህ የሚሠራው ብረቱ ከወሰኑ እስካላለፈ ድረስ ነው። በ19ኛው መቶ ዓመት ሞላ በሠረገላ መቀመጫና በአልጋ ላይ መዋል ጀመረ። በዚያው መቶ ዓመት መጨረሻ ገደማ በካናዳ ጄምስ ማርሻል የተባለ መሐንዲስ እያንዳንዱን ሞላ በየራሱ የጨርቅ ኪስ ውስጥ የመስፋትን ዘዴ አወጣ። በ1925 ደግሞ ሲመንስ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ የኪስ ሞላ ያለበትን ፍራሽ በፋብሪካ እያመረተ ለብዙ ሕዝብ ማቅረብ ጀመረ። የስፖንጁ ታሪክ ከዚህ ያጠረ ነው። ፖሊዩሬቴን የተባለው ውሁድ የተገኘው በ1937 በጀርመን በኦቶ ባየር ምርምር ነው።

3. የሞላ ዐይነቶችና የሽቦው ውፍረት

በገበያ የሚገኘው የሞላ ፍራሽ በዋናው ሁለት ዐይነት ነው።

ሀ. የተያያዘ ሞላ። ይህ ወገቡ የቀጠነ፥ ላይና ታቹ የሰፋ ሞላ ነው፤ ቦኔል ይባላል። ሞላዎቹ በቀጭን ጥምጥም ሽቦ እርስ በርሳቸው ይተሳሰራሉ። ዋጋው አነስተኛ ነው። አንዱ ሲረግብ ጎረቤቱንም ስለሚስብ ግን፥ ከሁለት ተኚዎች አንዱ ሲገላበጥ ሌላው ይነቃነቃል።

ለ. የኪስ ሞላ። እያንዳንዱ ሞላ በኪሱ ሆኖ ለብቻው ይረግባል። ትከሻ ባለበት ትከሻውን፥ ወገብ ባለበት ወገቡን ይቀበላል። በድብልቅ ፍራሽ ውስጥ አዘውትሮ የሚገኘውም ይህ ነው።

ነጋዴዎች አብልጠው የሚያወሱት የሞላውን ብዛት ነው። ነገር ግን ብዛት ብቻውን ብዙ አያስረዳም። ለምሳሌ 150 በ190 ሴንቲ ሜትር የሆነ ፍራሽ 28,500 ካሬ ሴንቲ ሜትር ስፋት አለው። የአንዱ ሞላ ስፋት 6 ሴንቲ ሜትር ቢሆን፥ አንዱ ሞላ 36 ካሬ ሴንቲ ሜትር ይይዛልና ከ790 ያህል የሚበልጥ ሊገባ አይችልም። ከዚህ እጅግ የበለጠ ቁጥር የተነገረው ሰው፥ ወይ ሞላው ቀጭን ነው፥ ወይ ሁለት ድርብ ሞላ ተቈጥሮለታል ማለት ነው። ይህን መጠየቅ ይገባዋል።

ከብዛቱ ይልቅ የሚያስረዳው የሽቦው ውፍረት ነው። የሞላ ድርቀት ከሽቦው ውፍረት ጋር በአራተኛ ደረጃ ብዜት ያድጋል፤ ይኸውም ውፍረቱ አራት ጊዜ በራሱ ተባዝቶ ማለት ነው። በአሜሪካ የብረት ሽቦ መለኪያ ቁጥር 14 ሽቦ 2.03 ሚሊ ሜትር፥ ቁጥር 13 ሽቦ ደግሞ 2.32 ሚሊ ሜትር ውፍረት አለው። ልዩነቱ ለዐይን አይታይም። ሌላው ሁሉ እኩል ቢሆን ግን የቁጥር 13 ሞላ ከቁጥር 14 ሞላ 1.7 ጊዜ ያህል ይደርቃል። በዚህ መለኪያ ቁጥሩ ሲያንስ ሽቦው እንደሚወፍር አንባቢ ልብ ይበል። የሞላው ጥምጥም ሲሰፋና ዙሩ ሲበዛ ደግሞ ሞላው ይለሰልሳል።

4. በድብልቅ ፍራሽ ቀድሞ የሚደክመው የትኛው ነው?

ድብልቅ ፍራሽ ከታች የኪስ ሞላ፥ ከላይ ጥቂት ሴንቲ ሜትር ስፖንጅ፥ ሜሞሪ ፎም ወይም ከጎማ ዛፍ ወተት የሚሠራ ላቴክስ አለው። ክብደት ሲያርፍበት ለስላሳው ድርብ አብልጦ ይረግባል፤ ከዚያ በኋላ ሞላው ቀሪውን ይሸከማል። ስፖንጁ ለቆዳና ለአጥንት፥ ሞላው ለጠቅላላው አካል ነው ማለት ይቻላል።

በሚገባ የተሠራ የብረት ሞላ በተኚ ሰው ክብደት ከወሰኑ አያልፍምና በቶሎ አይደክምም። ብዙ ጊዜ ቀድሞ የሚደክመው ላዩ ላይ ያለው ስፖንጅ ነው። በፍራሹ ላይ የአካል ቅርጽ ታትሞ ሲቀር ገዢው «ሞላው ተሰበረ» ይላል፤ የተሰባበረው ግን ብዙውን ጊዜ ስፖንጁ ነው። ስለዚህ የድብልቅ ፍራሽ ጽናት የሚለካው በሞላው ብቻ ሳይሆን በተደረበበት ስፖንጅ ጭምር ነው።

የስፖንጅ ጽናት የሚታወቀው በጥግግቱ ነው፤ ይኸውም አንድ ኪዩብ ሜትር ስፖንጅ ስንት ኪሎ ግራም እንደሚመዝን ነው። ጥግግትና ድርቀት አንድ አይደሉም። ፋብሪካ ቀላል ስፖንጅ አድርቆ ሊሠራ ይችላል፤ ይህ ነው በሱቅ በጡጫ ሲመታ «ጠንካራ» የሚመስለው።

ሞላ የሌለበትን ንጹሕ የስፖንጅ ፍራሽ ለመመርመር ሚዛን ብቻ ይበቃል። 120 በ190 ሆኖ 15 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ስፖንጅ 0.342 ኪዩብ ሜትር ይሆናል። ጥግግቱ 20 ከሆነ 6.8 ኪሎ፥ 30 ከሆነ 10.3 ኪሎ ያህል መመዘን አለበት። ነጋዴው 30 ነው ብሎ ሚዛኑ 7 ኪሎ ካለ፥ ክርክሩን ሚዛኑ ጨርሶታል። በድብልቅ ፍራሽ ብረቱ ስለሚመዝን ይህ ፈተና አይሠራም፤ በዚያ ጊዜ የየድርቡ ውፍረትና ጥግግት በጽሑፍ እንዲሰጥ መጠየቅ ነው።

5. ለወገብ ሕመም ደረቅ መኝታ ይበጃልን?

ወገቡን ለታመመ ሰው «መሬት ላይ ተኛ» ወይም «ደረቅ ፍራሽ ግዛ» የሚል ምክር በየቤቱ ይሰማል። ይህን አሳብ የሚፈትን ምርምር በስፔን አገር ፍራንሲስኮ ኮቫክስና ባልደረቦቹ አድርገው፥ ውጤቱን በ2003 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት አሳትመዋል። ተመርማሪዎቹ የቆየ የወገብ ሕመም ያለባቸው 313 ሰዎች ነበሩ። ለገሚሶቹ ደረቅ፥ ለገሚሶቹ መካከለኛ ድርቀት ያለው ፍራሽ በዕጣ ተሰጣቸው። ከ90 ቀን በኋላ ሲታይ በመካከለኛው ላይ የተኙት በመኝታ ላይ የሚሰማቸው ሕመምም ሆነ ከሥራ የሚያግዳቸው ችግር በደረቁ ላይ ከተኙት ይልቅ ተሽሎ ተገኘ።

ምክንያቱ ከላይ ስለ መደብ የተናገርነው ነው። እጅግ የደረቀ ፍራሽ ወገብን ባዶ ያስቀራል፤ እጅግ የለሰለሰ ደግሞ ዳሌን አስምጦ አከርካሪን ያጐብጣል። በዚህ መሠረት «ኦርቶፔዲክ» የሚለው ጽሑፍ በፍራሹ ላይ መታተሙ ብቻ ለማንም ዋስትና አይሆንም፤ ቃሉ የሽቦውን ውፍረት ወይም የስፖንጁን ጥግግት አይናገርምና። ሕመሙ የጸና ሰው ግን ከፍራሽ ነጋዴ ይልቅ ሐኪም ይጠይቅ።

6. በሱቅ የሚደረግ ምርመራ

ሀ. ጫማ አውልቆ በፍራሹ ላይ 10 ወይም 15 ደቂቃ መተኛት ያስፈልጋል። በእጅ መጫን ብቻ አይበቃም፤ ማፈርም አይገባም።

ለ. በጀርባ ተኝቶ እጅን ከወገብ ሥር ማስገባት። እጅ ያለ ችግር ወዲያና ወዲህ የሚል ከሆነ ፍራሹ ለተኚው ደርቋል፤ እጅ የሚገባው በብዙ ግፊት ከሆነ ዳሌው ሰምጧል።

ሐ. በጎን ተኝቶ ትከሻንና ዳሌን ማዳመጥ። በጎኑ የሚተኛና ክብደቱ ቀላል የሆነ ሰው ለስለስ ያለ፥ ክብደቱ ከባድ የሆነ ወይም በሆዱ የሚተኛ ሰው ደረቅ ያለ ይሻለዋል። ባልና ሚስት ከሆኑ ሁለቱም አብረው ይፈትኑ።

መ. በጠርዙ ላይ መቀመጥ። ጠርዙ ወዲያው ወደ ታች የሚያንሸራትት ከሆነ ዙሪያው አልተጠናከረም፤ ይህ ለሽማግሌና ለሕመምተኛ አደገኛ ነው።

ሠ. ፀጥ ባለ ስፍራ መገላበጥ። አዲስ ሳለ የሚያንቋርር ሞላ ሲያረጅ ዝም አይልም።

ረ. ያገለገለ ፍራሽ የሚገዛ ሰው ስፌቱን ሁሉ ይመርምር። የሞላ ፍራሽ ውስጡ ባዶ ስለ ሆነ ትኋን ከገባበት ለማስለቀቅ እጅግ ያስቸግራል።

7. ከተገዛ በኋላ

ጥሩ ፍራሽ በመጥፎ አልጋ ላይ ይበላሻል። የአልጋው ርብራብ ጣውላ ክፍተት ከ7 ወይም ከ8 ሴንቲ ሜትር በላይ ከሆነ ፍራሹ በክፍተቱ ይሰረጉዳል፤ ሰፊ አልጋ ደግሞ በመካከሉ እግር ሊኖረው ይገባል። ፍራሽን በቀጥታ በሲሚንቶ ወለል ላይ መዘርጋት ከሥር እርጥበት ያሲዛል።

ስፖንጁ ከላይ ብቻ የሆነ ድብልቅ ፍራሽ አይገለበጥም፤ በየጥቂት ወሩ ራስጌው ወደ ግርጌ ይዙር። በሁለቱም ፊት የተሠራው ግን ይገለበጣልም፥ ይዞራልም። ፍራሽን ፀሐይ ማስመታት የቆየ ልማዳችን ነው፤ ለጥጥም ይበጃል። ስፖንጅና ላቴክስ ግን በፀሐይ ብርሃን ይቀየራሉ፥ ይፈረፈራሉም፤ ስለዚህ ነፋስ በሚገባበት ጥላ ማናፈስ ይሻላል።

የፍራሹን ጽናት ለመከታተል ከጠርዝ እስከ ጠርዝ ክር ወጥሮ፥ ከክሩ እስከ ጎድጓዳው ያለውን በማስመሪያ መለካት ነው። ማንም ሳይተኛበት ጥልቀቱ 4 ሴንቲ ሜትር ያህል ከደረሰ ፍራሹ ሥራውን ጨርሷል። ዋስትና የሚሰጥ ሻጭ ካለ ስንት ሴንቲ ሜትር ሲጎደጉድ እንደሚቀይር አስቀድሞ በደረሰኙ ላይ ይጻፍ፤ «ለ10 ዓመት ዋስትና አለው» የሚል ቃል መለኪያው ካልተነገረ አይከራከርም።

ማጠቃለያ

ከዚህ በላይ የተነገረው ባጭሩ ሲታይ፥ ምቾት የሚመረመረው በገዢው በራሱ አካል ነው፤ ጽናት የሚመረመረው በሽቦው ውፍረት፥ በስፖንጁ ጥግግትና በተጻፈ ዋስትና ነው። የመጀመሪያውን ነጋዴ ሊነግረን አይችልም፥ ሁለተኛውን ግን እንዲነግረን ግድ ልንለው እንችላለን። በአነስተኛ ደመወዝ ለሚኖር ቤተ ሰብ ፍራሽ ከሚገዛቸው ትላልቅ ዕቃዎች አንዱ ነውና፥ ወደ ገበያ ሲሄድ ሜትርና እነዚህን ጥያቄዎች ይዞ መሄድ ትርፉ ከድካሙ ይበልጣል።